ስምንት ኩንታል ጤፍ

ደሴ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ድሮ ጭንቀታችን የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ብቻ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ6ኛ ክፍልንም ፈተና ጨመረልን። በ2017 የ6ኛዎች የመጀመሪያ ሞዴል ፈተና ታርሞ ማርክ ሊስቱን ስደምር ከ54 ልጆች 39ኙ ከግማሽ በታች ነበሩ።

"ወርክሺት አብዛላቸው" ተባልኩ። አበዛሁ። የቆዩ ጥያቄዎችን እያባዛሁ በተንኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ከፈትኩ። ሁለተኛው ሞዴል ያንኑ ይዞ መጣ። ቅዳሜ የሚመጡት ድሮም ጥሩ የሚያመጡት ናቸው። እኔ የምፈልጋቸው ደግሞ ወይ ከጢጣ ወዲያ በእግር የሚመላለሱ ናቸው፣ ወይ ቅዳሜ እናታቸውን ጉሊት ላይ የሚያግዙ። ለሁለት ወር ያህል ጎበዞችን ሳጎብዝ ከረምኩ ማለት ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንዱን ልጅ አስቀረሁት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ "አንድ ነጋዴ 8 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ሦስት አራተኛውን ሸጠ። ስንት ኩንታል ቀረው?" ልጁ 6ን ነው ያጠቆረው።

"6 እንዴት መጣ?"

"ቲቸር፣ 8ን ለ4 አካፍዬ በ3 አባዛሁት።"

ስሌቱ አንድም ስህተት የለውም። የተሸጠውን በትክክል አውጥቶታል፤ የተጠየቀው ግን የቀረው ነው። "እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አልኩት። "ነ… ጋ… ዴ…" ብሎ ጀመረ። "ኩንታል" ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነጋዴው ምን እንዳደረገ ረስቶታል። የሠራው ቁጥሮቹን አይቶ በመገመት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሌሎቹንም አንድ በአንድ አስነበብኳቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት። ቁጭ ብዬ ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እነዚህ ልጆች 1ኛ ክፍል ሳሉ ነው መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት የተዘጋው፤ ፊደሉን ገና ሳይዘልቁት። 3ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ 2014 መጣ። በከተማው ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ ሰፈረ፣ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ ኅዳር ማለቂያ ላይ ወጣ። ማንበብ የሚጸናባቸው ሁለቱም ዓመታት ተሰብረዋል። እኔ ግን 6ኛ ከደረሱ ያነባሉ ብዬ ክፍልፋይ ሳስተምር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ያኔ ነው የገባኝ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። "ቀረው" ይሁን "ሸጠው"፣ የጥያቄው ነፍስ ያለችው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ እዚያ ሳይደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እንዲያነቡ፣ ከሥሩ እንዲያሰምሩ፣ ከዚያ ወደ ላይ እንዲመለሱ አስለመድኳቸው። "ያልሆነው የቱ ነው?" ሲል ደግሞ "ያል" የምትለዋን እንዲያከብቧት። ይህቺ ብቻዋን ስንት ነጥብ እንዳዳነች!

ከሒሳቡ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ቆርጬ ለንባብ አደረግሁት። የአማርኛዋ መምህርት መጀመሪያ ቅር አላት፤ "ሥራዬን ልትቀማኝ ነው?" ብላ ሳቀች፣ ኋላ ግን አጫጭር ጽሑፍ እየመረጠች የምትሰጠኝ እሷ ሆነች።

የተሳሳትኩትንም ልናገር። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ሰሌዳው ፊት እያስነሳሁ ነበር የማስነብበው። አንዲት ልጅ ስትንተባተብ ክፍሉ ሳቀባት፣ ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን እናቷ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆሙ። "መምህር፣ ወላሂ ክፉ ሰው አትመስለኝም። ልጄን ግን አሳቅህባት።" ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አብሽር፣ ትመጣለች" ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየጥጋቸው ያነባሉ፤ እኔ በመካከላቸው እየዞርኩ አዳምጣለሁ። ጫጫታው ግን የገበያ ነው፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በር እያንኳኳ ተቆጥቶኛል።

የሞዴል ፈተና አስተራረሜንም ለወጥኩ። ስንት አመጣ ከማለት ፋንታ የትኛውን ምርጫ አጠቆረ እያልኩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን ስንት ልጅ እንደመረጠ እመዘግባለሁ። ብዙው አንድ የተሳሳተ ምርጫ ላይ ከተከማቸ የጋራ አለመግባባት አለ፣ እደግመዋለሁ። በአራቱም ላይ ከተበተነ እየገመቱ ነው። አራት ምርጫ ባለው 40 ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረም በአማካይ 10 ያገኛልና 11 ያመጣውን ልጅ "ትንሽ ይችላል" ማለቴን ተውኩ።

መልስ መስጫ ወረቀቱን ንቄው ነበር። አንድ ጥሩ ልጅ 12ኛውን ዘሎ 13ኛውን በ12 ቦታ አጠቆረ፤ እስከ መጨረሻው አንድ ረድፍ ተንሸራተተበት። ከዚያ በኋላ በየአምስት ጥያቄው ቁጥሩን ማመሳከር ልማድ ሆነ።

ኩረጃ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ፈታኝ ሆኜ ፊቴን ያዞርኩባቸው ዓመታት አሉ፣ አልክድም። ጥር 2015 ላይ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ ካላለፉት መካከል ያኔ ፊቴን ያዞርኩላቸው የእኔ ተማሪዎችም እንደነበሩ አሰብኩ።

ሰኔ ላይ ተፈተኑ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ክፍሉ ጨለምለም ያለበት ጠዋት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ከ54ቱ 41ዱ አለፉ። ባለ ጤፉ ልጅ አልፏል። ያቺ የሳቁባት ልጅ በሒሳብ ጥሩ አምጥታ በእንግሊዝኛ ወደቀች።

ዘንድሮ የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ላይ አዲሶቹን 6ኛዎች ያንኑ የጤፍ ጥያቄ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደረግኩ። ስጨርስ 3ኛ ክፍል የምታስተምረውን ባልደረባዬን ፒያሳ ሻይ ጋበዝኳት። ወሬው የጀመረው ከክፍልፋይ አልነበረም፤ ከፊደል ገበታ ነበር።