የመስኮቱ ሐዲድ

ትናንት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት የኪራይ ቤት የሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) መርማሪዋ መጥተው በእጅ በሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ የግድግዳውንና የበሮቹን ቀለም አንድ በአንድ ለኩ። ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሆን፣ አሜሪካ ሊድ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ግድግዳው ነፃ ሆኖ ሳለ የልጄ መኝታ ቤት መስኮት ግን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ አሳየ፤ የፌዴራሉ መመዘኛ ‘ሊድ ያለበት ቀለም’ ከሚለው መጠን አለፈ ማለት ነው።

ላዩ በቅርቡ ነጭ ስለተቀባ ለዓይን እንከን የለውም። መርማሪዋ መስኮቱን ከፍ ዝቅ አድርገው ሐዲዱ ላይ የተጠራቀመውን ግራጫ ብናኝ በጓንታቸው ጫፍ አንስተው አሳዩኝ። መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር የሥረኛው ቀለም እየተፋቀ ይደቃል፤ ቆሞ መሄድ የጀመረ ሕፃን ደግሞ እዚያው ይደገፍና እጁን ወደ አፉ ይወስዳል።

ሊድ የልጅን አእምሮ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ በመሆኑ፣ ሜሪላንድ ሕፃናት ሁሉ በ1 እና በ2 ዓመታቸው የደም ምርመራ እንዲደረግላቸው ታዝዛለች። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰውም ስለ ሊድ የሚያውቀውን ከውሉ በፊት በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ብዙዎቻችን ያንን ወረቀት ሳናነብ እንፈርማለን፤ አከራይን መጠየቅ ጭቅጭቅ የሚመስለንም አለን። እባካችሁ ጠይቁ፣ ልጆቻችሁንም አስመርምሩ። እስከዚያው የመስኮቱን ብናኝ በደረቁ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን ጣሉት።