የእማዬ ቀኝ እግር

እሑድ ማታ፣ ደሴ

ሴይቼንቶዋ፣ አሮጌዋ ፊያት 600 መኪናችን ውስጥ፣ በቀኝ ወንበር ፊት ያለው ምንጣፍ ላይ አንድ የተበላ ቦታ አለ። እንቁላል የሚያህል ነው፤ ላስቲኩ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ወጥቷል። በሹፌሩ በኩል ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። የተበላው ግን በተሳፋሪው በኩል ነው። እማዬ ናት የጨረሰችው። አባዬ ሲነዳ እሷ ከጎኑ ቁጭ ብላ፣ በቀኝ እግሯ የሌለ ፍሬን ስትረግጥ ዕድሜዋን አሳለፈች። አባዬ ካረፈ በኋላ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ እሷ ግን እግሯን ከዚያ ቦታ አላነሳችም።

ዛሬ ጠዋት ያንን ምንጣፍ አውጥቼ አጠብኩት። የፍሬኑ ሥራ ትናንት ስላለቀ መኪናዋን ከውስጥም ከውጭም ማጽዳት አማረኝ። ሁለት ወር የፈጀ ሥራ ነው፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

ነገሩ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። እማዬና የእህቴ ልጅ ተሳፍረው ወደ ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ቤት እየወረድን ነበር። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ቦይ፣ መታጠፊያው ማለቂያ የለውም። ማለፍ አይታሰብም። እኔ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ፤ ማርሽ ልቀንስ ሲገባኝ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንዳደረግኩ ተከተልኩት። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ያረረ ቆሎና የተቃጠለ ጎማ የተቀላቀለበት ዓይነት። ቀጥሎ ፔዳሉ ረዘመ። ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ሊነካ ደረሰ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ። አንደኛ ልጨምር ስል ጥርሱ ተንጫጭቶ መለሰኝ፤ የዚህች መኪና አንደኛ ማርሽ እየሄደች በቀላሉ አይገባም። በእጅ ፍሬን እየጎተትኩ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስጠግቼ አቆምኳት።

እማዬ አልጮኸችም። በሩን ከፈተች፣ ልጁን በእጁ ይዛ ወረደች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «አባትሽ በሁለተኛ ነበር የሚወርደው።» ከዚያ ሚኒባስ አስቁማ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ውስጥ አልገባችም። አልተቆጣችኝም። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ በሚኒባስ እመጣለሁ» ነው የምትለው። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

አባዬ ልክ ነበር። ሐረጎ ሳይጀመር ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሩ ይይዛታል፣ ፍሬኑን መታጠፊያ ላይ ብቻ ነካ አድርጎ ይለቃል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። መኪናዋ ከነሰዎቿ 800 ኪሎ ብትሆን፣ ያ ሁሉ ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ደነገጥኩ። ከዚያ ሙቀት ሞተሩና ነፋሱ ካልተካፈሉት፣ ሁሉም የሚገባው በየቸርኬው ውስጥ ባሉት፣ የፍሬን ሸራ ከውስጥ በሚጫናቸው አራት ትንንሽ ታምቡሮች ውስጥ ነው።

ሐጂ (ሰፈሩ ሁሉ መካኒካችንን እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ታምቡሮቹን ሲከፍቱ አጠገባቸው ነበርኩ። ዱቄቱን በአፋቸው አይነፉም፣ በኮምፕሬሰርም አያስነፉም፤ ውሃ አርከፍክፈው በጨርቅ ይጠርጋሉ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። ለሚያሠለጥኗቸው ልጆች ይህንን ሲደጋግሙ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ማንም አይነግራቸውም። ሸራው ጠቁሮ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ታምቡሩ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ቶርኖ ቤት ተደጋግሞ ስለተላገ ሳስቷል። የሳሳ ታምቡር ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል። ፔዳሉ የረዘመው አንዱ በዚህ ነው። ሌላው ዘይቱ ነው፤ እንደ አቦል ቡና ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ሲገባው ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ እግር የሚጨምቀውም ያንን አረፋ ይሆናል። እኔ ዘይቱን ስጨምርበት እንጂ ስለውጠው ኖሬ አላውቅም።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ ሐጂ፣ «ግማሹ ያንቺ እግር ነው፣ ግማሹ የሷ ዕድሜ።»

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1962 የተሠራች ፊያት 600 ዲ ናት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ 767 ሲሲ። በሯ ከኋላ ታጥፎ ወደ ፊት በኩል ነው የሚከፈተው፤ ለእማዬ ጉልበት ይመቻታል፣ እንደ ወንበር ወደ ኋላ ብላ ትቀመጥበታለች። ጎማዋ 12 ኢንች ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍሬን የሚቀመጠው ቸርኬ ውስጥ ነው፤ ቸርኬው ትንሽ ከሆነ ፍሬኑም ትንሽ ይሆናል። ዲስክ (በታምቡር ፋንታ የሚገባ፣ ከሁለት በኩል የሚጨመቅ ክብ ብረት) በሰፋ መጠን ያው ረገጣ የበለጠ ይይዛል፣ ሙቀቱንም የሚያስቀምጥበት ብረት ይኖረዋል። እንግሊዞቹም ሚኒ በምትባለው ትንሽ መኪናቸው ላይ ሲታገሉት የኖሩት ይህንኑ ነው። በ1959 ስትወጣ ጎማዋ 10 ኢንች ነበር፤ በ1961 ኩፐር በተባለው ፈጣን ዓይነቷ ላይ ዲስክ ሲያስገቡ ያገኙት ቦታ 7 ኢንች ብቻ ነበር፣ ለ1963ቱ ኩፐር ኤስ 7.5 አደረሱት። 8.4 ኢንች ዲስክ የገባላት ቸርኬዋ በ1984 ወደ 12 ሲያድግ ነው።

«ባለ 13 ኢንች ቸርኬ አስገቢና ተገላገዪ» ያላለኝ ሰው የለም። እንቢ አልኩ። መልኳን መቀየር ስላልፈለግኩ መስሏቸው ነበር፤ እሱም አለበት፣ አልክድም። ዋናው ምክንያቴ ግን የአባዬ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ ይረዝማል፤ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቁልቁለት ላይ የሚይዘውም ያንሳል። ፍሬን ላጠነክር ብዬ የሞተሩን ይዞታ ላላላ ነው ማለት ነው። ትንሽ ጎማ አንድ ጥቅም አለው፦ በትንሽ ፍሬን ቶሎ ይያዛል። ያንን ለምን እጥለዋለሁ?

ጣሊያን ያለው የአክስቴ ልጅ ለፊት እግር የሚሆኑትን ዲስኮች፣ ዲስኩን የሚጨምቁትን ካሊፐሮችና ማሰሪያቸውን በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። የሷ ቸርኬ የሚታሰርባቸው አራት ብሎኖች በጣም የተራራቁ ናቸው፣ በ190 ሚሊሜትር ክብ ላይ፤ ዕቃው ያንን ጠብቆ የተሠራ በመሆኑ የራሷን ቸርኬ አልነካንም። ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ቸርኬው እስኪታሰር አልተመለሰም። ሐጂ ከቤታቸው ጥቂት የዳቦ ሊጥ አስመጡ። ሊጡን ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ለጠፉ፣ ቸርኬውን አሰሩ፣ በእጃቸው ቀስ ብለው አንድ ዙር አዞሩት፣ ፈቱት። የተጨፈለቀውን ሊጥ በምላጭ ቆርጠው ውፍረቱን አሳዩኝ። በጠበበው በኩል የሁለት ክብሪት እንጨት ያህል ነበር። በቃ፣ ይበቃል አሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሊጡ ተጠርጎ ሄዷል፤ ስናየው የባላንስ እርሳሱ ነው፣ ቸርኬው ውስጥ የተለጠፈው። እርሳሱን ነቅለው በውጭ በኩል አስለጠፉት። ያንን ሳናይ ብንወጣ ካሊፐሩን ይመታው ነበር።

ማስተሩንም፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን፣ ለወጥነው። የድሮው ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቧንቧ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። አዲሱ የፊቱንና የኋላውን ይለያል። ከገንዘቤ ሁሉ ያልቆጨኝ ለዚህ ያወጣሁት ነው፤ ዲስክ ለማስገባት አቅም የሌለው ሰው እንኳ ይህንን ቢያስቀድም እላለሁ።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ ያስለቀሰን ችግር መጣ። ለሙከራ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄድን፣ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ፍሬን ለመፈተን ይመቻል። ስንመለስ መኪናዋ ከበዳት፣ ነዳጅ ስለቅላት ወዲያው ትቆማለች። የፊት ቸርኬውን በእጄ ልነካው አልቻልኩም። ፍሬን ግን አልረገጥኩም ማለት ይቻላል። ካሊፐሩን ፈታን፣ አጠብን፣ ጎሚኒውን ለወጥን፣ አየሩን ደግመን አስወጣን፤ ያው ነው። ሐጂ ሁለት ቀን ዝም ብለው አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ማስተሩን አውርደው ዘይት መውጫው ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ አወጡ። ማስተሩ ለባለ ታምቡር መኪና የተሠራ ነው፤ ያቺ ቫልቭ እግር ሲነሳ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች። ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ሽቦ ስላለ ምንም አይሆንም። ዲስክ ላይ ግን መላሽ ሽቦ የለም፤ ያ ጥቂት ግፊት ፓዱን፣ ካሊፐሩ ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ሸራ፣ ቀኑን ሙሉ ዲስኩ ላይ ያሻሸዋል። የፊቱን መስመር ቫልቭ አስወገዱ፣ የኋላውን ተዉት። ቸርኬው ቀዘቀዘ። ያችን ስሙኒ የማትሞላ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ኋላው ታምቡር እንደሆነ ቀርቷል፣ አዲስ ሸራና ያልተላገ ታምቡር ተደርጎለት። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አፍንጫዋ ቀላል ነው፤ የፊቱ ፍሬን ከልክ በላይ ከጠነከረ በደሴ ጉምና ዝናብ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ መሪ ያዞሩታል፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ሐጂ ከሁለት ዓይነት ፓዶች ለስላሳውን መረጡ፣ ዝናብ በጣለበት ጠዋት እርጥብ አስፋልት ላይ ራሳቸው ነድተው ፈተኗት። የእግርን ረገጣ የሚያግዝ ሰርቮ የላትም። ታምቡር ሲዞር ራሱ ሸራውን ስቦ ያጣብቃል፣ ዲስክ ግን እግር የሰጠውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ አሁን ከድሮው ጠንከር ብዬ መርገጥ አለብኝ። ረገጣው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። አሥረኛው ከመጀመሪያው አይለይም።

እማዬን ማሳመን የእኔ አቅም አልነበረም። ዛሬ ከቀትር በፊት ሐጂ ራሳቸው ቡና መጡ። ስለ መኪና ሳያነሱ አቦሉም ቶናውም አለፈ። በረካው ላይ «እትዬ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ወርጄባታለሁ» አሏት። እማዬ ሲኒውን አስቀመጠች። «ሐጂ ከወረዱባት…» ብላ ነጠላዋን ልታመጣ ተነሳች።

ሐረጎ ሳይጀመር ሁለተኛ አስገባሁ። እማዬ ማርሹን አየችው፣ ምንም አላለችም። መታጠፊያዎቹ ላይ ነካ አድርጌ እለቃለሁ፣ ሽታ የለም፣ ፔዳሉ እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ያን ቀን የተቀመጠችበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ «እዚህ ነበር» አለች፤ «አዎ» አልኳት። ቀኝ እግሯ ወለሉ ላይ ተጭኗል።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ወርጄ ሁለቱንም የፊት ቸርኬዎች በእጄ ዳሰስኩ፤ ግራውም ቀኙም እኩል ሞቅ ብለዋል። እማዬም አጎንብሳ እጇን አስጠጋች። «ይኼ ነው አዲሱ?» «ይኼ ነው።» ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «ምንጣፌን የት ወሰድሽው? ብረቱ እግሬን አቀዘቀዘው።»

ምንጣፉ አሁንም ገመድ ላይ ነው። ማታ ጉሙ ስለወረደ አልደረቀም፤ ነገ ፀሐይ ከወጣ እመልሰዋለሁ።