እኔም በዚያው ቤት ነው ያደግሁት

ወንድሜ ሰው ገድሏል። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ሌላውን ካወራሁ በኋላ ቀስ ብዬ ያስገባሁት እንዳይመስል ነው። ሟች እናት ነበረችው፤ ችሎት በሄድኩ ቁጥር ከፊቴ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ስለነበር የነጠላዋን ጥለት ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። ወንድሜ መታሰር የለበትም ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የተሟገትኩት ስንት ዓመት ይታሰር በሚለው ላይ፣ ልጅነቱስ ከዚያ ሂሳብ ውስጥ ይገባል ወይ በሚለው ላይ ነው። ሙግቱን ያበላሸሁት ደግሞ ከማንም በላይ እኔ ራሴ ነኝ።

የተወለድነው ድሬዳዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ እናታችንን ወሰዳት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ ገና ስድስት አልሞላውም። አባት ቀድሞም አልነበረንም። ከመጠለያው ድንኳን አውጥቶ ቤቱ ያስገባን የእናታችን ወንድም ነው። ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጠው» አለ፤ እኛም አልን።

በአጎታችን ቤት የወንድሜ ቅጣት በርበሬ ነበር። ከሰል ይቀጣጠላል፣ በርበሬ ይነሰነሳል፣ ልጁ ማንደጃው ላይ እንዲያጎነብስ ይደረግና በጋቢ ይሸፈናል። ጋቢውን አጎታችን በሁለት እጁ ዳርና ዳር ይዞ ይቆማል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ «እኔም ታጥኛለሁ» ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ወንድሜ ሽንኩርት ከሚያራግፍበት ቦታ ሻይ የምታፈላ ሴት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አብሮት የሚሠራ ሰው ለቀልድ ከኋላው መጥቶ ባዶ ጆንያ ጭንቅላቱ ላይ ደፋበት፤ ጫፉንም ይዞ ቆየ። ከፊቱ የሻዩ ማንደጃ ነበር። በእጁ ደግሞ የጆንያ ገመድ የሚቆርጥበት ቢላዋ። ሌሎቹ ሲስቁ እንደነበር ምስክሮች ተናግረዋል።

የምርመራውንና የክሱን ነገር አላስረዝምም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተከሰሰ፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልላቸው በር ይከፍታል፤ ወንድሜ ያንን በር በአሥራ አንድ ወር አልፎታል። ጠበቃ የምንቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረን መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መደበለት። ጥፋተኛ ተባለ። እስከዚህ ድረስ የምነቅፈው ነገር የለኝም፤ ገድሏል፣ ተፈረደበት።

ከጥፋተኝነቱ ፍርድ በኋላ ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ወገን የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ነው፣ ምስክርም ማሰማት ይቻላል። እኔ ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያን ጊዜ የችሎት ጸሐፊዋን ስለ ልጅነቱ የት እንደምናገር ብጠይቃት «እሱ ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ» አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። በሕጉ ቅደም ተከተል ስህተት አልነገረችኝም፤ ግን ማንም ዝም ብሎ እንዳይጠብቅ። ከፍርዱ እስከ ቅጣት አስተያየቱ የተሰጠን አንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ በአንድ ሳምንት የአንድ ሰው ልጅነት ተሰብስቦ አያልቅም።

ጠበቃው ያስገባው አስተያየት ግማሽ ገጽ ነበር፤ ሦስት ነጥብ። ተከሳሹ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የለበትም። ተከሳሹ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል። ተከሳሹ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው። ሦስተኛውን ሳነብ ደሜ ፈላ። የምን ቤተሰብ? ያለሁት እኔ ነኝ፣ ስንቅ የማመላልሰውም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ ተገልብጦ እንደመጣ ገባኝ። «ስለ አጎታችን አንድ ቃል የለም» ስለው «እህቴ፣ የሁሉም ልጅነት እንደዚሁ ነው፤ ዳኛ ይሰለቻል» አለኝ። «እንግዲያው እኔ እመሰክራለሁ» አልኩ። ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያመጣሁት በገዛ አፌ ነው።

ቀዩን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው፤ ጨዋ ሆኜ ልታይ፣ ቤተሰቡ የወንበዴ ቤተሰብ አለመሆኑን ላሳይ ብዬ ነበር። ምያለሁ። ጠበቃው ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። አጎታችን ይገርፈው እንደነበር፣ በበርበሬ ያጥነው እንደነበር፣ እናታችን በጎርፍ መሞቷን ተናገርኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«የተከሳሹ ታላቅ እህት ነዎት?»

«አዎ።»

«ያደጉት በአንድ ቤት ነው?»

«አዎ።»

«እርስዎንም አጎትዎ ይገርፉዎት ነበር?»

«ይገርፈኝ ነበር።»

«ትምህርትዎ እስከ ምን ድረስ ነው?»

«በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ።»

«በወንጀል ተከሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዲፕሎማ አለኝ ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ኮርቼ ነበር፤ ወንድሜ ካቴናው ተፈትቶለት በቆመበት ክፍል ውስጥ፣ በእሱ ቅጣት ላይ፣ እኔ በዲፕሎማዬ ኮራሁ። በጥያቄዎቹ ወዴት እየተመራሁ እንደሆነ የገባኝ ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ዳኛዋ ወደ ጠበቃው ዞር ብላ «ድጋሚ ጥያቄ አለ?» አለች። ጠበቃው የሚቀጥለውን መዝገብ እያገላበጠ ነበር። ቀና ሳይል «የለኝም» አለ።

አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ «አንቺስ ታጥነሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ።

አላውቅም። እኔ በአርጩሜ ነው የምገረፈው፤ ያም አልፎ አልፎ። ከሰሉን የማቀጣጥለው እኔ ነበርኩ። አጎታችን ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «አቀጣጥይ» ካለኝ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። በካርቶን ቁራጭ አራግባለሁ፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ማንደጃውን በጨርቅ ይዤ አስገባለሁ፣ በርበሬውን ከቆርቆሮው በማንኪያ ለክቼ እሰጣለሁ፣ ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። በር ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከመቶ በላይ ቆጥሬያለሁ። በደንብ ካላቀጣጠልኩ ተራው የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኛል፤ ስለዚህ በደንብ አቀጣጥል ነበር። አንድ ቤት ነው ያደግነው፣ እውነት ነው። እሱ ያደገው ግን ጋቢው ውስጥ ነው፤ እኔ ከበሩ ውጭ።

ይህንን ያን ቀን ለምን አልተናገርኩም? ማንም አልጠየቀኝም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአጎታችን ሚስት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ይህም ሌላው። ዋናው ግን አፍሬ ነው። ሐቁን ተናግሬ ከምዋረድ ደህና ልጅ ሆኜ መቆሙን መረጥኩ።

ዐቃቤ ሕጉ በማጠቃለያው በርበሬ ማጠን በአገራችን የተለመደ የልጅ መቅጫ መሆኑን፣ በዚህ የታጠነ ሁሉ ቢላዋ ቢያነሣ ኖሮ ሰው አይተርፍም ነበር ሲል ተናገረ። ከኋላዬ ያሉ ሰዎች ሲስማሙ ሰማሁ። እርግጥ ነው የተለመደ ነው። ያው ሕግ ግን በአንቀጽ 576 ሕፃን የሚያሠቃየውን ሰው ይቀጣል፤ አጎታችንን የከሰሰው የለም። ወንጀሉ ሲበዛ ለወንጀለኛው መከላከያ፣ ለተጎጂው መርቻ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የተፈረደው 12 ዓመት ነው። ውሳኔው ስለ ልጅነቱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ በአስቸጋሪ ሁኔታ ማደጉ ብቻውን ቅጣት የሚያቀል ምክንያት እንዳልሆነ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ያደገችው እህቱ ሕግ አክባሪ ሆና መገኘቷም ይህንኑ እንደሚያሳይ። ልረዳው ሄጄ ውሳኔው ውስጥ ማስረጃ ሆኜ ገባሁበት።

ይግባኝ ለማለት ማስታወቂያው በ15 ቀን፣ ቅሬታው ደግሞ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ግልባጩን ለማግኘት ስንት ጊዜ «ታይፕ ላይ ነው» እንደተባልኩ አልቆጥርም። በዚያ መሐል የእናታችንን የብስኩት ቆርቆሮ ስፈትሽ የወንድሜን የሕክምና ካርድ አገኘሁ። 2001 ዓ.ም.፤ ዓይን፣ ሁለቱም፤ ከታች በእስክሪብቶ «ጭስ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። አሥራ ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን ይህ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣና ማስረጃ ያልቀረበበት ነው ብሎ ቅጣቱን አጸናው። ተበሳጭቻለሁ፤ ተሳስተዋል ግን ማለት አልችልም።

የይግባኙን ቅሬታ የጻፈልኝ ሌላ ጠበቃ ሁለት የአሜሪካ ጉዳዮች ነገረኝ። አንዱ ኤዲንግስ ይባላል፤ ፖሊስ ሲገድል 16 ዓመቱ ነበር፣ ዳኛው በድብደባ ማደጉን እንዳይመለከት ሕጉ እንደሚከለክለው ተናግሮ ሞት ፈረደበት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን ሻረው። ሌላው ዊጊንስ ነው፤ ጠበቆቹ የልጅነት ስቃዩን በወጉ ሳይመረምሩ በመቅረታቸው ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የሞት ቅጣቱን ሻረለት። የእኛ ዳኞች በዚህ አይገደዱም። እኔን ያቃጠለኝ ሁለተኛው ነው፤ ጠበቃ የደንበኛውን ልጅነት ሳይመረምር መቅረቱ ጥፋት ተብሎ የሚቆጠርበት አገር መኖሩ።

የእኛም ሕግ ቢሆን በሩን አልዘጋም። አንቀጽ 82 የማቅለያ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ልጅነት የሚል ቃል የለበትም፤ ነገር ግን ከባድ የስሜት መናወጥን ይጠቅሳል። አንቀጽ 86 ያልተዘረዘረ ምክንያትም ዳኛው ምክንያቱን ገልጾ መቀበል እንዲችል ይፈቅዳል። አንቀጽ 88 ደግሞ የጥፋተኛውን የቀድሞ ሕይወትና የግል ሁኔታ መዝኑ ይላል። ስለዚህ «ተበድሎ ያደገ ነው፣ እዘኑለት» አትበሉ። በየትኛው ዓመት፣ በምን፣ ማን፣ ስንት ጊዜ፤ ካርዱ የት ነው፣ አስተማሪውና ጎረቤቱ የት ናቸው፤ ያ በደል ከዚያች ሌሊት ጋር የሚገናኘው የቱ ጋር ነው። ይህን ክሱ በተመሠረተ ሰሞን ጀምሩት። የባለሙያ ምርመራ ጠበቃችሁ «እሱ ለእብድ ነው» ቢልም በጽሑፍ እንዲጠየቅ አድርጉ፤ በአንቀጽ 49 ኃላፊነቱ በከፊል የጎደለ ሰው የሚባል አለ። «የቤተሰብ አስተዳዳሪ» የሚል ወረቀት ካያችሁ ቅደዱት። ደህና የሆነውን ወንድም ወይም እህት ደግሞ ምስክር አታድርጉ፤ የግድ ከሆነ መጀመሪያ የሚያሳፍራትን ነገር ትናገር።

የተበደለ ሁሉ ይቀለልለት አልልም። ወንድሜ ያን ሰው ስልኩን ሊወስድበት ጨለማ ውስጥ አድፍጦ ገድሎት ቢሆን ኖሮ እኔ አልመሰክርም ነበር። ልጅነት በየመዝገቡ የሚለጠፍ ከሆነ እንደ «ሪከርድ የለበትም» ዋጋ ያጣል። የእኔ ክርክር ጆንያው ላይ ነበር፤ ጆንያውን ደግሞ ከጋቢው ጋር ያገናኘ ሰው በችሎቱ ውስጥ አልነበረም። ወንድሜ ራሱ «አላስታውስም» ነው የሚለው። ጆንያው ሲደፋበት ጋቢው ታይቶት ይሁን አይሁን በእሱ ፈንታ መማል አልችልም፤ ተጠይቆ ይጣራ ነበር ነው የምለው።

ውሳኔው የተነበበ ቀን የሟች እናት ደጅ ላይ አገኘችኝ። አልጮኸችም። «የእኔንም ልጅ አባቱ እየገረፈ ነው ያሳደገው» አለችኝ። «እሱ ግን ጆንያ ነው የደፋው።» መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሽማግሌ ልኬባት ነበር፤ ለእርቅ ወረቀት የመጡ መስሏት መልሳቸዋለች። አልተሳሳተችም፤ የላክኋቸው የቅጣት አስተያየቱ ሊቀርብ በቀረው ሳምንት ነበር።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ማረሚያ ቤት ሄጄ የከሰሉን ነገር ለወንድሜ ነገርኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንሥተነው አናውቅም። በሽቦው ማዶ ቆሞ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «የካርቶኑ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።»

ከዚያ ሳሙና አምጥቼለት እንደሆነ ጠየቀኝ።