በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተነሳ ጥያቄ

ዛሬ ረፋዱ ላይ በለገጣፎ፣ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በሚያስተዳድረው የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አብዛኛው ሰዓት እንደተለመደው በክፍያ ጭማሪና በሰርቪስ መኪና ጉዳይ አለቀ። ቀልቤን የሳበው ግን አንድ አባት ያነሱት ጥያቄ ነው፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት እየደነገገ፣ የጠዋቱ ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ እንዴት ይታያል? ርእሰ መምህርቷ ቅር ሳይላቸው፣ መደበኛው ትምህርት በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት እንደሚሰጥ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እንደሚካሄድና ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ እንደማይገደድ አስረዱ። መልሳቸው በወረቀት ላይ አጥጋቢ ነው። ሆኖም ሰርቪሱ ከጸሎቱ በፊት የሚያደርሰው የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ሲገቡ ብቻውን ግቢ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ዘበት ነው (የእኔዋማ መዝሙሩን ስለምትወድ ማንም አያስቀራትም)። ሙስሊም የሆኑት ጎረቤቴም ልጃቸውን እዚያው የሚያስተምሩት ለቅርበቱና ለሥነ ሥርዓቱ ሲሉ ነው። ስለዚህ ለዚያ ሰዓት ሌላ ክፍልና ኃላፊ መምህር እንዲመደብ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ ምላሹን በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚያሳውቁን ነግረውናል።