የብርዱ ጠርዝ የማን ተራ ነው?

ስለ ነፍሳት የሚሰበኩ ስብከቶች አብዛኛውን ጊዜ ከጉንዳን አያልፉም። «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጕንዳን ሂድ፥ መንገድዋንም ተመልክተህ ጠቢብ ሁን» የሚለው የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ቃል ይነበብና ስለ ትጋት ይሰበካል። በቃሉ ላይ ክርክር የለኝም። እዚህ ሚኒሶታ ግን ሰሚው ማን ነው? ቀን አረጋዊ ሲንከባከብ ውሎ ማታ መጋዘን የሚገባ፣ እሑድ በቅዳሴ መካከል ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው ነው። የትጋት ስብከት ለዚህ ሰው ምን ይጨምርለታል? ምናልባት ሦስተኛ ሥራ።

እኔን ያስተማረችኝ ንብ ናት። የሰባው ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም ጥንታዊው የግሪክ ብሉይ ኪዳን፣ በዚያው ምዕራፍ ከጉንዳኗ ቀጥሎ ወደ ንብም ሂድ ይላል። ሲራክም በምዕራፍ 11 ከሚበርሩት መካከል ትንሽ ብትሆንም ፍሬዋ ከጣፋጭ ሁሉ እንደሚበልጥ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያናችን ንብ እንግዳ አይደለችም፤ ጧፋችን ከሰሟ ነው፤ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድም ንቦች እንደ ከበቡት ይተረካል። ከማሩና ከሰሙ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የብርድ ጊዜ ኑሮዋ ነው።

ያደግሁት ጎጃም፣ አባቴ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል እያየሁ ነው። የአገራችን ንብ አበባ ሲጠፋ ትኮበልላለች፤ ጠዋት ቀፎው ባዶ ሆኖ ይገኛል። አባቴ አይቆጣም፤ «አበባ ወዳለበት ሄዳለች፤ ሲያብብ ትመለሳለች» ይል ነበር። (ስለ ተሰደድነው ልጆቹም ይህንኑ ሲል ሰምቼዋለሁ። እርሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።)

በሥራዬ የምንከባከባቸው አዛውንት ንብ አናቢ ናቸው። ብርዱ ሳይጠና ቀፎዎቻቸውን በጥቁር መሸፈኛ ይጠቀልላሉ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ አንድ የጥር ቀን ወደ ጓሮ ወስደውኝ ጆሮዬን ቀፎው ላይ እንዳደርግ ነገሩኝ። ከውስጥ ዝግ ያለ ጉምጉምታ ይሰማል። አልሞቱም፤ አልኮበለሉምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ሲመጣ ንቦቹ በማሩ እንጀራ መካከል ተጠጋግተው፣ ንግሥቲቱን መካከል አድርገው ይሰበሰባሉ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የመብረሪያ ጡንቻቸውን ብቻ ያንቀጠቅጣሉ፤ ሙቀቱ የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ ማገዶው ደግሞ በበጋ ያከማቹት ማር ነው። መካከሉ ላይ እጭ ካለ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ግን በ10 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቆዩት። ጠርዝ ላይ ያለችው ንብ ራሷን ወደ ውስጥ ቀብራ ብርዱን በጀርባዋ ትመክታለች። ሆኖም ያ ቦታ ለዘለቄታው የእርሷ አይደለም። ውጭ ያሉት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የሞቁት ይወጣሉ። በበጋ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ የምትኖረው ሠራተኛ ንብ በብርዱ ወቅት ወራት ትቆያለች። ብቻዋን የቀረች ግን በዚያ ብርድ አንድ ሌሊት አታድርም።

አዛውንቱ የነገሩኝ ሌላም አለ፤ እርሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። አንዳንድ ጊዜ በጸደይ ቀፎ ሲከፈት ንቦቹ ሁሉ ሞተው፣ ማሩ ግን በጥቂት ጣት ርቀት ሞልቶ ይገኛል። ቁጥራቸው ሳስቶ ወይም ብርዱ በርትቶባቸው ወደ ማሩ መንቀሳቀስ አቅቷቸው በረሃብ ያለቁ ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ሥራ አጥቶ፣ የቤት ኪራይ አቅቶት ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ የእድራችን ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ነበር። አልጠየቀም አልን። ማን ጠጋ ብሎት ይጠይቅ?

ወደ ራሳችን አጥቢያ ስመለስ ጠርዙን ማወቅ አይከብድም። በረዶ ላይ ቆሞ መኪና የሚያስቆመው ትናንት የመጣው ወጣት ነው። ድስት የሚያጥቡት ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጡ እህቶች ናቸው። ማይክሮፎኑና ቁልፉ ከዓመት ዓመት የሚዞሩት በእነዚያው ሰዎች መካከል ነው። ከመካከሉ የማይወጣ ሰው ውጭው ምን ያህል እንደሚበርድ ሊያውቅ አይችልም፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ግን አያውቅም።

ይህን ከገና በፊት በተደረገው ስብሰባ ላይ ተናገርሁ። ከኮሚቴው አንድ አባት ፈገግ ብለው፣ «ንግሥቲቱስ? እርሷም በተራዋ ጠርዝ ላይ ትቆማለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አትቆምም። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም መልስ አጣሁ። የመለሱልኝ ቄሳችን ናቸው። «በዚህ ጉባኤ መካከል ያለው ክርስቶስ ብቻ ነው፤ እርሱም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ወገቡን ታጥቆ እግር ሲያጥብ እናገኘዋለን። እኛ ሁላችን ሠራተኞች ነን» አሉና ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ።

ለገና ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ተራ ያን ጊዜ ወጣ። ሁሉም በአንድ ሰዓት እየተፈራረቀ እንዲወጣ፣ አሮጊቶችና ሕመምተኞች ብቻ እንዲቀሩ ተወሰነ። እኒያ አባት ለሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ፤ በሰዓታቸውም ወጥተው ቆሙ። ለእኔ የሚሰጡኝ ሰላምታ ግን እስካሁን ቀዝቀዝ ያለ ነው።