ሞልቶ የተመለሰ ኮዳ

በደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ አንዲት አያት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡትን የውሃ ኮዳ ያህል አሠራሬን የለወጠው ነገር የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንስፔክሽን፣ ማለትም ከትምህርት ቤቶች ምዘና ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት በ26 ስታንዳርዶች ሲሆን፣ ከመቶው 25 ለግብዓት፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት ተይዞ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደቡ ነበር። እኛ በግብዓት በኩል ወደ ኋላ ቀርተን ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ድጎማውና ከወላጆች መዋጮ አዲስ መጸዳጃ ቤት አሠራን፤ አራት ክፍል ለሴቶች፣ አራት ክፍል ለወንዶች፣ በሮቹ ከብረት የተሠሩ። መዛኞቹ እስኪመጡ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ በሮቹ በጓጉንቸር ቁልፍ እንዲዘጉ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

ምዘናው ካለፈ በኋላም አልተከፈተም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው ቶሎ ይደርቃል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አንዲት ብቻ ናት፤ በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤት ንብረት እንዴት እንደሚወድም በዓይናችን ያየን ሰዎች ስለሆንን፣ ቆልፎ መጠበቅ በእኛ ዘንድ ከትጋት ይቆጠር ነበር። ለልጆቹ የቀረላቸው ወለሉ የተሰነጠቀው አሮጌው ጉድጓድ ነው፤ እሱንም ከትልልቆቹ ወንዶች በቀር ደፍሮ የሚገባበት አልነበረም።

በኅዳር አንድ ጠዋት የአንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ አያት ቢሮዬ ገቡ። እንዲቀመጡ ብለምናቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን ግን እይልኝ» ብለው ኮዳውን አስቀመጡ። ክዳኑን ስከፍተው እስከ አፉ ሙሉ ነው። «ጠዋት እንዲህ ሞልቼ እሰጣታለሁ፣ ከትምህርት ስትመጣ እንዳለ ይመለሳል። አሟት ጤና ጣቢያ ብወስዳት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ሽንቷን ስለምትይዝና ውሃ ስለማትጠጣ ነው አሉኝ። ስጠይቃት ‹ከጠጣሁማ ሽንቴ ይመጣል› ትለኛለች። እዚህ የምትሸናበት የላትም ወይ?»

«አለ፣ እናቴ» ልላቸው አፌን ከከፈትሁ በኋላ መልሼ ዘጋሁት።

በዚያው ቀን 4 ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል ከቢሮ ወጥቼ ቆምሁ። ትንንሾቹ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ቀሚሷን ዘርግታ ትከልላታለች። ቁልፉን ተቀብዬ አዲሱን ቤት ከፈትሁት። ወለሉ ላይ የእግር ዱካ እንኳን አልነበረም፤ መወልወያው ደርቆ እንጨት ሆኗል። በምዘናው ነጥብ ያገኘንበት ቤት ይህ ነበር። የመዛኞቹ ስሕተት ነው ብዬ አላምንም፤ እነሱ ያዩት ያሳየናቸውን ነው።

ስም የምንጠራው ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ ከዕረፍት በኋላ የሚጎድለውን ልጅ መዝገባችን አያውቀውም። ለ2 ሳምንት ያህል ከዕረፍት መልስም ስም እንዲጠራ ብናደርግ፣ በታችኞቹ ክፍሎች በየቀኑ ሦስት አራት ልጅ ይጎድል ነበር። የሚጎድሉት ቤታቸው ቅርብ ሆኖ ለመጸዳዳት ሮጠው ሄደው በዚያው የሚቀሩ ናቸው፤ ቤታቸው ሩቅ የሆኑት ደግሞ እንደዚያች ልጅ ጥማቸውን ችለው ይቀመጣሉ።

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን ሰብስቤ የሆነውን ሁሉ፣ ትእዛዙ የእኔ እንደነበረም ጭምር ነገርኋቸው። ለዋናው የግቢ በር ቀለም የተያዘው ገንዘብ ወደ ውሃ እንዲዞር ስጠይቅ፣ አንድ አባት በሩ የትምህርት ቤቱ ፊት ነው ብለው ጠንክረው ተከራከሩ፤ ክርክሩ ግን ኮዳውን ካሳየኋቸው በኋላ አልዘለቀም። በገንዘቡ ለአንዱ ብሎክ ጣሪያ አሸንዳ ገጠምን፣ ሁለተኛ ሮቶም ገዛን። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነውና፣ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን የሚባክነው ሳይቆጠር 4,000 ሊትር ይሰጣል። ደሴን በመሰለ ክረምቱ በሚበረታ ከተማ ይህን ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ ስንለቅ መኖራችን እስካሁን ይቆጨኛል። በበጋ ግን አሸንዳው አያድንም፤ በፈረቃው ቀን ሮቶዎቹን የሚሞላ ሰው በስም መመደብ ነበረብን።

ከሁሉም ያስቸገረን የዘወትር ወጪው ነው። መደበኛው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ ለሳሙናና ለበረኪና የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም። ቤት ለመሥራት መዋጮ የሚሰጥ ወላጅ ይገኛል፤ ለበረኪና የሚያዋጣ ግን በግድ ነው። ስለዚህ የጽዳት ዕቃውንና የአንዲት የግማሽ ቀን ሠራተኛ ክፍያ በዓመቱ ዕቅድ ራሱን በቻለ መደብ አስገባነው፤ በየወሩም ኅብረቱ ፊት ይነበባል።

ቤቱ ተከፍቶ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን የ6ኛ ክፍል ሴቶች ተወካይ መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጋሼ፣ በሩ እኮ በውስጥ አይዘጋም» አለችኝ። ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው። በፈረምሁበት የግዥ መጠየቂያ ላይ ስምንት ጓጉንቸር አለ፤ መሸጎሪያ አንድም የለም።

በማግሥቱ በያጅ ጠራን። የመጀመሪያውን መሸጎሪያ በራሱ ደረት ልክ ሊበይድ ሲያስጠጋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ «የ1ኛ ክፍሎቹ እጅ እዚያ ይደርሳል?» ብላ አስቆመችው። ከመስኩ አንድ ትንሽ ልጅ ጠርታ ጠመኔ አስያዘችውና በር በሩን እየዞረ፣ እጁ የደረሰበት ላይ ስምንት መስመር አሰመረላቸው።