ሬፕ የሌለበት ክፍል

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስማር ሁሉን ነገር የሚነግረን ሬፓችን፣ የክፍላችን ተጠሪ፣ ነበር። ፈተና መቼ ነው? ሬፑን ጠይቅ። ክፍል ተቀየረ? ሬፑ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። መምህሩ ዛሬ አይመጣም? ሬፑ አጣርቶ ይነግረናል፣ እኛ ተመልሰን እንተኛለን። አምስት ዓመት እንዲህ ኖሬ ነው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ለማስተርስ ጀርመን የገባሁት።

ስኮላርሺፕ አላገኘሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው "ስፖንሰርህ ማነው?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። ስኮላርሺፕ ለሚሰጠው የጀርመን ድርጅት ለዳአድ አመልክቼ አልተሳካም። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተማሪም ቢሆን የትምህርት ክፍያ እንደማይጠይቁ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ግን አይደሉም። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሽቱትጋርት ነበር። ከተማው የሚገኝበት ባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ይህን ባነብ ጊዜ ካርታውን ወደ ምሥራቅ ገፋ አድርጌ ድሬስደንን መረጥኩ። የውሃ ትምህርት በእንግሊዝኛ አለ፤ የምከፍለው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። እሱም ውስጥ የትራም ትኬት አለበት።

ወረቀቱ ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በእጄ የነበረው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲፕሎማ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት መጀመሪያ የወጪ መጋራት እዳዬን መክፈል ነበረብኝ። ማመልከቻዎችን ተቀብሎ የሚያጣራው ዩኒ አሲስት ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ 30 ዩሮ ይወስዳል። በዩሮ የሚከፍል ካርድ ስላልነበረኝ ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ከፈለችልኝ። 3.2 የነበረው ውጤቴ በጀርመን ስሌት 2.2 ሆነ። እዚያ 1 ከሁሉ የላቀው ውጤት፣ 5 መውደቅ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ውይ ልጄ፣ ምነው ዝቅ አደረጉብህ?" ብላ አዘነች። አሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም።

ትልቁ ነገር ብሎክድ አካውንት ነው። ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያ በዝግ ሂሳብ አስቀምጠህ ታሳያለህ። በእኔ ጊዜ 11,208 ዩሮ ነበር፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ 11,904 ሆኗል። ገንዘቡ የራስህ ነው፣ ግን በአንዴ አይሰጥህም። ከደረስክ በኋላ በየወሩ ይለቀቃል፤ ለእኔ 934 ዩሮ። አክስቴ እቁብ ደርሷት ነበር። "ስማ" አለችኝ፣ "ይሄ ብር የእኔ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ገና ስንት ዙር የምከፍለው አለ።" ስለዚህ ከ934ቱ በየወሩ 200ውን ወደ ቨርጂኒያ እመልስ ነበር። በቀረው ላይ የቤት ኪራይና የጤና ኢንሹራንስ አለ። ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ክፍል ማጽዳት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሬፑ ልመለስ።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ባዶ ነበር። ተሳስቼ ይሆን ብዬ ልወጣ ስል ሰዉ መግባት ጀመረ። ከሰዓቱ ጎን "ሲ.ቲ." ተብሎ ከተጻፈ ትምህርቱ የሚጀምረው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው ለካ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የካቲት ላይ መጣ። የሃይድሮሎጂን ፈተና ለሦስት ሳምንት አጥንቼ፣ እስክሪብቶና ካልኩሌተሬን ይዤ ሄድኩ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። ኮርሱን መማርና ፈተናውን መፈተን እዚያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለፈተናው ራስህ ኦንላይን መመዝገብ አለብህ፤ መመዝገቢያውም ከፈተናው ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ጎኔ የተቀመጠ ህንዳዊ "አልተመዘገብክም እንዴ?" አለኝ። ማን ይነግረኛል ብዬ? ቀኑ ገጹ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ተጽፏል። አስተማሪው ቁጡ ሰው አይደለም፣ አዘነልኝ፤ ግን ሊያስገባኝ አይችልም። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ ቀጣዩን ክረምት ጠበቅኩ። የጀርመን ክረምት ማለቴ ነው፣ በረዶው።

ያን ቀን ኤልበ ወንዝ ዳር ብዙ ተቀመጥኩ። ነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. ወንዙ ድሬስደን ላይ 9.40 ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። ስለዚያ ጎርፍ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት አውርተናል፣ እኔ ግን ፈተናውን አልተፈተንኩም። እየሳቅኩ አለቀስኩ ልበል?

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ራሴ መጠየቅ ጀመርኩ። የድሮ ፈተናዎች ፋክሻፍት በሚባለው የተማሪዎች ማኅበር ቢሮ እንደሚገኙ የሰማሁት ሄጄ በሩን ስላንኳኳሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ ተማሪ የሚያነጋግርበት ሳምንታዊ የእንግዳ ሰዓት ነበረው። እኔ እሱ እስኪጠራኝ ስጠብቅ፣ እሱ ደግሞ ሥራዬ እየሄደልኝ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ስሄድ አርባ ደቂቃ ሰጠኝ። "ለምን ቀደም ብለህ አልመጣህም?" አለኝ። ለአስተማሪ ክብር ነው ብለን የምናደርገው ነገር፣ እዚያ ግድ የለሽነት ይመስላል።

ስለ ሥራም አንድ ነገር ልበል። ያኔ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 120 ሙሉ ቀን መሥራት ይችል ነበር፤ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 140 ሆነ። መቻሉ እውነት ነው። ጥርና የካቲት ላይ ግን አትሥሩ። ከሆቴሉ 300 ዩሮ አገኘሁ፣ በምትኩ ግን አንድ ኮርስ በ3.7 አለፍኩ፤ ለጥቂት ተረፍኩ በሉት።

ደብዳቤ ሌላው ነው። ጀርመኖች ቁም ነገሩን በፖስታ ይልካሉ። የእኔ የኢንሹራንስ ካርድ ሁለት ጊዜ ወደ ላኪው ተመለሰ፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ላይ ስሜ አልተጻፈም ነበር። የቤት ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ስሙ ከሌለ ፖስተኛው አያስገባም።

ባለፈው መስከረም ከአርባ ምንጭ የመጣ ልጅ ባቡር ጣቢያ ተቀበልኩ። ሻንጣውን እየጎተተ "ወንድሜ፣ እዚህ ሬፕ ማን ነው?" ሲለኝ ሳቄ መጣ። ቤት እንደደረስን ከመብላታችን በፊት ወረቀት ቆርጠን ስሙን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጠፍን።